ግማሹን ዓመት ያለ ሥጋ ከኖርን ቀሪውን ለምን እናርዳለን? ተከራዬ ጠይቀውኝ መልስ አጣሁ

የማራኪዋ፦

ሰላም የዚህ ቤት ታዳሚዎች። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች አንዷን ለአንድ ህንዳዊ መምህር አከራይተናል። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምሩት። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ኪራይ ሳልጠይቃቸው ቀድመው ይሰጡኛል። ይህን የምለው ሰውዬው ነገር ፈላጊ እንዳይመስሏችሁ ነው።

ከተወለዱ ጀምሮ ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። እንቁላልም አይነኩም። ወተት ግን ይወዳሉ፤ ሻያቸው ራሱ ግማሹ ወተት ነው። አገራቸው ጉጅራት የሚባለው ክፍል ነው። እናታቸውም አያታቸውም እንደዚሁ ነበሩ አሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ለሳቸው ድግስ ነው። ምግብ ቤት ገብተው በአማርኛ «የጾም» ይላሉ፤ በየዓይነቱ ከች ይላል። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ። ፒያሳ ያሉ አስተናጋጆች «ጾመኛው መጡ» ይባባላሉ። ጣጣው የሚመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የጾም ምግብ ካንዴ ጥርግ ይላል። ሽሮ ሲያዙ «ያለው ቦዘና ነው» ይሏቸዋል። ሃምሳው ቀን አልፎ የሚመለሱትን ረቡዕና አርብ እንደ ደመወዝ ቀን ነው የሚጠብቁት።

ዘንድሮ ለፋሲካ ግቢያችን ውስጥ ቅርጫ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አራጁ መጣ። እኔ «ሰውዬው ተኝተው በሆነ» እያልኩ ስጸልይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ይረበሻሉ ብዬ ነበር፤ አልተረበሹም። በሬው ሲጣል፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሲዞር፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ሲባል እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ከዚያ ማከፋፈሉ መጣ። ሸራው ላይ መደቡ ተደረደረ። ከሻኛውም፣ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለሁሉም እኩል። አንዱ ክምር ጮማ በዛበት ሲባል እየተቆረጠ ወደ ሌላው ይጨመራል። ከዚያ ዕጣ። አንዱ ቁልፉን፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ የቢራ ቆርኪ አዋጣ። ማን ምን እንዳዋጣ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ጣል ጣል አደረገው። የማንም ቅሬታ አልተሰማ። መምህሩ በዚህ በጣም ተደነቁ።

ጥያቄው የመጣው በሌላ ቀን፣ ቡና ላይ ነው። እንዲህ አሉኝ። «አንቺ ረቡዕና አርብ ትጾሚያለሽ። ሁዳዴን 55 ቀን ትጾሚያለሽ። የገናውን፣ የሐዋርያቱን፣ የፍልሰታውን ትጾሚያለሽ። ሁሉንም የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይቀምስም። ትሠሪያለሽ፣ ልጆች አሳድገሻል፣ እናትሽም ጠንካራ ናቸው። ሌላ አገር ያለ ሰው ‹ሥጋ ካልበላሁ አቅም አጣለሁ› ይለኛል። አንቺ እንዲህ ልትዪኝ አትችዪም። ታዲያ በሬው የሞተው ለምንድን ነው?»

ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ። እግዚአብሔር ፈቅዶልናል አልኩ። «ከሱ ጋር ክርክር የለኝም፤ የጠየቅሁት አንቺን ነው» አሉ። ባህላችን ነው አልኩ። «ባህል መሆኑንማ አየሁ» አሉ። አንበሳስ ሥጋ ይበላ የለም እንዴ? አልኩ። «አንበሳ ይጾማል?» አሉኝ። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበርና በዚያው ዝም አልኩ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። እንደምታውቁት ሴት አታርድም። የዓመት በዓል ዋዜማ ዶሮዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ የሚያልፍ ወንድ እጠብቃለሁ። «ወንድሜ፣ እባክህ ዶሮ ባርክልኝ።» እሱ ሲባርክ እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ፤ መፈራገጧ እስኪያበቃ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የኔ ነው። በፈላ ውኃ ነክሬ ላባዋን እነቅላለሁ፣ 12ቱን ብልት አወጣለሁ፣ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ አጥባለሁ። ይህን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። እሳቸው ግን አይተውኛል። «ቢላዋው ሲመጣ ፊትሽን የምታዞሪው ለምንድን ነው?» አሉ።

ዶሮ ወጥ ልተው አይደለም፤ በዚህ አትምጡብኝ። የምፈልገው ፊት ለፊት አይቻቸው የምናገረው፣ ሽንገላ የሌለበት መልስ ነው። ደግሞ እባካችሁ «ህንዶች ላም ያመልካሉ» የሚለውን ተዉት። ጠግበውታል።

የባጃጁ ባለቤት፦

የኔ እህት፣ ኑሮ ውድነት ሁላችንንም ጉጅራት ሊያስገባን ነው። እኔ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ነው ሥጋ የማየው፣ እሱንም በዕቁብ። ለመምህሩ ሰላም በይልኝ። አቋማችን አንድ ነው፤ ምክንያታችን ነው የሚለየው።

የደምቢያ ልጅ፦

ይህ ጥያቄ የከተማ ሰው ጥያቄ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በቃል አልጠየቀውም እንጂ ኖሮታል።

ሁለት በሬዎች ነበሩን። ቦራና ዳልቻ። አባቴ ሲያርስ ከኛ ከልጆቹ ይልቅ ከነሱ ጋር ነው የሚያወራው። «ተው ቦራ! ወደ ትልምህ!» ይላል። ጅራፉ ይጮኻል፤ ገላቸው ላይ ብዙም አያርፍም። እሑድና የታቦት ቀን አይጠመዱም። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ አተላው የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቦራ አረጀ። ጥርሱ አለቀ፤ አንድ ዙር ሳይጨርስ ይቆማል። ያን ዓመት ከቀንበር ወጣ። አተላና ሽምብራ ገለባ እየበላ ሰነበተና ለፋሲካ ተሸጠ። አባቴ ራሱ ነድቶ አልሸጠውም፤ አጎቴን ላከው። የዚያን ቀን ጋቢውን ተሸፍኖ ጎጆ ውስጥ ዋለ፤ እናቴ «አሞታል» አለችን። ለፋሲካ ግን መንደር ውስጥ ቅርጫ ገብቶ ሥጋ በላ። የማያውቀውን በሬ በላ። እንዲህ ነው ነገሩ። በሬ አትበላም ብትለው ይስቅብሃል። ቦራን ብላ ብትለው ደግሞ ይጣላሃል።

ለምን ሸጠው? ገለባው ነዋ! በጋው ሲገፋ የተከመረው ገለባ እያነሰ ይሄዳል። ላሟ አለች፣ የሚያርሰው ዳልቻ አለ። የማያርስ በሬ ይቀለብ ከተባለ ከሚያርሰው አፍ ነው የሚነጠቀው። የቦራ ብር ደግሞ ቀንበር ለሚለማመድ ወይፈን መግዣ ሆነ።

ለመምህሩ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። ደምቢያ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራው ይዘራል። ያን አፈር የሚገለብጠው በሬ ነው። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ምራን ራሱ የበሬ ቆዳ ነው። የሚወዱት ሽሮ፣ ምስሩ፣ የእንጀራው ጤፍ፣ ሁሉም በዚያ ጫንቃ ነው የመጣው። በሁዳዴም ቢሆን ከበሬ አልወጣንም። ሥጋውን ለምን በላችሁ ብለው ጠየቁ እንጂ ጉልበቱን ለምን በላችሁ አላሉም። «የበሬን ውለታ ወሰደው ፈረሱ፣ ከኋላ ተነስቶ ከፊት በመድረሱ» ይባላል አይደል? እሳቸውም እንደ እኛው ውለታውን ረስተውታል።

ትራክተር ይግባ የሚል ይኖራል። ይግባ። ያኔ በሬው ከቀንበር ይገላገላል። ግን ከዚያ በኋላ ማንም ቦራ ብሎ ስም አያወጣለትም፤ የሚረባው ለሥጋ ብቻ ይሆናል። የቱ እንደሚሻለው እኔ እንጃ።

አስጎብኚው፦

ጎንደር ላይ የባዕድ ሰው ገበታችንን አይቶ ሲደነግጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (በፈረንጆቹ) ነው ጎንደር የገባው። ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተቀምጧል። አገሩ ገብቶ ያየውን በ1790 ሲያሳትም፣ ወታደሮች ከነሕይወቷ ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን በቆዳዋ ሸፍነው ሲነዷት አየሁ ብሎ ጻፈ። የለንደን ሰው ቀጣፊ ነው ብሎ ሳቀበት። ዛሬም ቱሪስት ቁስቋምን ሳስጎበኝ «እውነት ነው?» ይለኛል።

እኔ ዘወትር የምመልስላቸው እንዲህ ነው። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር በሬ አስረው ውሻ እየለቀቁበት ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ ይዝናና ነበር። በሕግ የተከለከለው በ1835 ነው። ብሩስ እሱን አላየውም፤ የኛን ግን አየ። ሰው የሌላውን ቢላዋ ነው የሚያየው።

ይህ መልስ ግን አይደለም፤ አፍ ማስያዣ ነው። ቱሪስቱ ይስቅና ያልፋል። ያንቺ ተከራይ የሚያልፉ አይመስሉም። ሥጋ የማይበላ ሰው ሲጠይቅሽ ደግሞ ይህን ማስያዣ መጠቀም አትችዪም። ለዚህ ነው የከበደሽ።

ዲያቆን፦

እህቴ፣ «እግዚአብሔር ፈቅዶልናል» ያልሽው ትክክል ነው፤ ግን አሳጠርሽው። ኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 1 ተመልከቺ። ለአዳም የተሰጠው ምግብ ዘር ያለው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው። ሥጋ የተፈቀደው ለኖኅ ነው፣ ምዕራፍ 9 ላይ፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ። ያኔም ደሙ ተከልክሏል። አራጁ ደሙን ወደ መሬት የሚያፈሰው ለዚህ ነው፤ ሥጋው ቢሰጠን ነፍሱ የኛ አይደለችም። መምህራን ጾምን ሲያስተምሩ ወደ ገነት ገበታ መመለስ ነው ይላሉ። በኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ደግሞ በመጨረሻ አንበሳ እንደ በሬ ገለባ ይበላል። እንግዲህ መጀመሪያውም መጨረሻውም ላይ እርድ የለም። እኛ ያለነው መካከሉ ላይ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አሳያቸው፤ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ነው የቆሙት፣ አውሬው የሸሸበት ቅዱስ አይደሉም።

«ስትጾሙ ለበሬው አዝናችሁ አይደለም» ካሉሽ ግን እውነታቸውን ነው። የምንጾመው ለነፍሳችን ነው። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ በሬው እግረ መንገዱን ይተርፋል።

የማራኪዋ፦

ዲያቆን፣ የአዳምንና የኖኅን ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያውስ እኔ ገና መርከብ ውስጥ አልገባሁም» አሉ። የደምቢያ ልጅ፣ ያንተን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። የምራኑ ነገር አልገባቸው ብሎ በእጄ እያሳየሁ ነው ያስረዳኋቸው። «ይህ ሰው መልስ አልሰጠኝም፤ ዕዳ ጨመረልኝ» ብለዋል።

የአዲስ ዓለም ልጅ፦

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ናቸው። ሠርግ ሲኖራቸው ለኛ ለብቻው በኛ ሰው ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል። ላንቺ ተከራይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢላዋ መሆኑ እየታየኝ ሳቅሁ።

ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ «አያስፈልጋችሁም» ያሉት ለማን ነው? በአረፋ የታረደው ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድ ለጎረቤት፣ አንዱ ለድሃ። ለአረፋ ብቻ ሥጋ የሚቀምሱ ልጆች ሰፈሬ ውስጥ አሉ። እናታቸው ፌስታሏን ይዛ ስትመጣ «ሥጋ ለሰው አያስፈልገውም» ብዬ ልመልሳት? መጦም የሚያምረው ማግኘት ለሚችል ነው።

ሁለተኛው ደግሞ እኛን የሚወቅስ ነው። በሃይማኖታችን ቢላዋ በእንስሳው ፊት አይሳልም። አንዱ እያየ ሌላው አይታረድም። ቢላዋው ስለት ይሁን፣ እንስሳው አይሰቃይ ተብለናል። የአረፋ ቀን ግን ግቢ ውስጥ በጎቹ ተርታ ታስረው አንዱ የአንዱን ያያሉ። ከገበያ ሲመጡም እግራቸው ተጠፍሮ ባጃጅ ወለል ላይ ነው። ደንቡን ልጆቻችን በቃላቸው ይሉታል። ለእንግዳ ሰው ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም።

የከብት ሐኪም፦

«መብላት ይገባል ወይ» የሚለውን ለናንተ ትቼ በቀን በቀን የማየውን ልንገራችሁ።

ከብቱ ከሩቅ ገበያ በእግሩ ተነድቶ ወይም አይሱዙ ላይ ታጭቆ ይመጣል። ደክሞ፣ ተጠምቶ፣ ፈርቶ ይታረዳል። ያ ድካምና ፍርሃት ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ይጨርሰዋል። ስኳሩ ካለቀ ከእርድ በኋላ ሥጋው በቂ አሲድ አያወጣም፤ ጠቆር፣ ሙጭጭ ያለ ይሆናል፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ የእንስሳው ስቃይ ሳህን ላይ ይመጣል። ለበሬው ባታዝኑ ለብራችሁ እዘኑ።

ሁለተኛ ነገር፣ ቢላዋ። ከብት ጉሮሮው ሲቆረጥ ወዲያው ራሱን አይስትም። በአንገት አጥንቱ ውስጥ የሚያልፉ የደም ሥሮች ለጊዜው አንጎሉን ይመግቡታል። በዶለዶመ ቢላዋ የሚጋዝ ከሆነ ያ ጊዜ ይረዝማል። ለቅርጫ ሰው ስትጠሩ በዋጋ ብቻ አትከራከሩ፤ ካራውን አሳየን በሉት።

ዶሮ ደግሞ እግሯን ታስራ ቁልቁል ተንጠልጥላ ትመጣለች። ዶሮ እንደኛ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ ዲያፍራም የላትም። ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫናል። ዝም ማለቷ ተመችቷት አይደለም።

አሁን ወደ መምህሩ ልምጣ፤ በአክብሮት ነው። ወተት ይጠጣሉ ብለሻል። የሐበሻ ላም ጥጃዋ ካልቀረባት ወተቷን አትለቅም። ጥጃዋ ሲሞትባት ገበሬው ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ቆዳውን ገፎ ገለባ ይሞላበታል፣ ጨው ይነሰንስበታል፣ አጠገቧ ያቆመዋል። እሷ እየላሰች ትታለባለች። እናቴ ስታልብ በዓይኔ አይቻለሁ። ወተት ያለ ጥጃ የለም፤ ከጥጆቹ ግማሾቹ ደግሞ ወንድ ናቸው። እዚህ ወንዱ ያርሳል፣ ኋላም ይታረዳል። ህንድ በዓለም ላይ በወተት ምርት አንደኛ ናት። ወንዶቹ ጥጆች የት እንደሚሄዱ ጠይቂያቸው። ለመርታት ብለሽ ግን አይሁን።

የማራኪዋ፦

ሐኪም፣ ጠየቅኋቸው። እሳቸው አገር ያረጁና የታመሙ ከብቶች የሚጦሩበት ቦታ አለ፤ ፓንጅራፖል ይባላል። አያታቸው እዚያ መኖ ይሰጡ እንደነበር ነገሩኝ። «የጎሿ ወንድ ጥጃ ግን የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። እዚያ ብዙው ወተት ከጎሽ ነው አሉ፤ የውኃ ጎሽ ከሚባለው። ወንድማቸው ዘንድ ደውለው ሊጠይቁ ነው።

እኔም የኔን ነገርኳቸው። አያስፈልገንም አልኩ። የአዲስ ዓለሟ ካለችው ሰው በቀር ማለቴ ነው። የምናርደው ስለምንወደው ነው። ሁዳዴን የምጾመውም ፋሲካን እያሰብኩ ነው፤ ከ55 ቀን በኋላ ያ ድስት ካልተጣደ ለኔ በዓል በዓል አይመስለኝም። እግዚአብሔርን ምስክር ሳልጠራ እንዲህ አልኳቸው። «እሺ፤ አሁን የምንነጋገርበት ነገር አገኘን» አሉ። ክርክሩ አላለቀም። ገና «ከወደድሽው ለምን አታይውም» የሚለው ይቀራል፤ መልስ የለኝም።

በነገራችን ላይ ቅዳሜ ገበያ የማየው ዶሮ ሁሉ ቁልቁል የተንጠለጠለ ነው። በቅርጫት ወይም በሣጥን አምጥቶ የሚሸጥ የሚያውቅ አለ? ዋጋው ትንሽ ጨመር ቢል ግድ የለኝም።

የደምቢያ ልጅ፦

አለ እንጂ። ከኛ በኩል የሚመጡ እናቶች ሁለት ሁለት አድርገው በቅርጫት፣ ጨርቅ ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ። ግን በጠዋት ድረሺ። መንገድ ላይ ነጋዴ ይጠብቃቸዋል፤ አንዴ ከገዛቸው እሱ ነው አስሮ የሚያንጠለጥላቸው። ከ2 ሰዓት በፊት ከሄድሽ ከራሳቸው እጅ ትገዣለሽ።

የማራኪዋ፦

2 ሰዓት በሀበሻ ነው አይደል? መምህሩም አብሬሽ ልሂድ ብለዋል።

የደምቢያ ልጅ፦

በሀበሻ ነው። እሳቸውን ይዘሽ ከሄድሽ ግን ዋጋው ይጨምራል፤ ራቅ ብለው ይቁሙ።